ስልኬ ላይ ያልተጻፈው ሰባተኛ ስም

እኔ ያልጻፍኩትን ነገር አላስታውስም። ይህን ከአሁኑ እወቁልኝ፤ ኋላ እንዳንጣላ። ዝንጉነቴ የመጣው ገና ከእናቴ ሆድ ነው መሰለኝ፤ መወለዴን ረስቼ አሥር ወር ሞልቶኛል ይላሉ።

ሥራዬ በግ መከተብ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ተቀምጬ ከቀበሌ ቀበሌ እዞራለሁ። የትኛው መንደር ተከተበ? የማን በግ ታመመ? መቼ ልመለስ ብዬ ነበር? ይህ ሁሉ ለእኔ ጭንቅላት ቢተው ኖሮ የመንዝ በግ ባለቀ ነበር። ደብተር ይዤ አይቻለሁ። አንዱን ዝናብ አጠበው። ሁለተኛውን አይጥ በላው። ሦስተኛውን አከራዬ በርበሬ ጠቀለሉበት። ምነው ብላቸው፣ የተጻፈበትን ነው እንጂ ባዶውን መቼ ነካሁብህ አሉኝ። ምን ይባላል?

ከዚያ ስልክ ገዛሁ። ባለ ቁልፍ፣ የአማርኛ ፊደል ያላት። ያን ጊዜ በእኛ ደጋ ስልክ መያዝ ማለት ኔትወርክ ፍለጋ ከኮረብታ ኮረብታ መንከራተት ነበር። ለመደወል ብዙም አልሆነችኝም። ግን ውስጧ፣ ማንም ሳይጭንባት አብራት የመጣች፣ «ማስታወሻ» የምትባል ነገር አለች። ኔትወርክ አትጠይቅ። እስክሪብቶ አትፈልግ። በርበሬ አይጠቀለልባት። ከዚህ በላይ ምን አምሮኝ!

መጀመሪያ የበግ ነገር ብቻ ነበር የምጽፍባት። ቀስ በቀስ ሌላም ሌላም ገባ። «ዛሬ ጉም የራቤልን መንደር ዋጣት። ከሰዓት በኋላ መለሳት።» ይህ ለማን ይጠቅማል? ለማንም። ግን በጉም ውስጥ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? መንገዱ ይጠፋል፣ በጎቹ ድምፅ ብቻ ይሆናሉ፣ ሰው እየተራመደ ሕልም ያያል። ያን ሕልም እጽፈው ጀመር። አንድ ቀን መለስ ብዬ ሳነበው፣ በታመሙት በጎች መሀል እየደጋገመ ወደርየለሽ የሚል ስም ይመጣል። መውደዴን የነገረችኝ ስልኬ ናት።

ወደርየለሽ ሞላሌ የምታስተምር ልጅ ናት። እሷም አልጠላችኝም። እንግዲህ የቀረው ሽማግሌ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ከመታጨት በፊት ዘር ይቆጠራል። በእሷ በኩል ሰባት ቤት፣ በእኔ በኩል ሰባት ቤት። በሰባቱ ውስጥ አንድ የጋራ አያት ከተገኘ ዘመድ ናችሁ፤ ጋብቻው ቀረ። ሰባተኛው ላይም ቢሆን ቀረ። አያችሁልኝ? የእኔ ትዳር መቼ እንደሞተ በማላውቀው ሰው ስም ላይ ተንጠልጥሏል።

እኔ ከአያቴ በላይ አልቆጥርም። አባቴ ሞቷል። የእኛን ወገን የሚያውቁ አንድ ሰው ብቻ ቀርተዋል፤ የአያቴ እህት እማሆይ አጸደ። ራቤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው የሚኖሩት። ስደርስ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ገብስ ይለቅማሉ። የማንን ልጅ ልታገባ ነው አሉኝ። የሞላሌውን የአባባ ደምሴን የልጅ ልጅ አልኳቸው። እጃቸው ገብሱ ላይ ቆመ። በሩን፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን ጉም ብዙ አዩ። ከዚያ «በል ጻፍ» አሉ።

ጻፍኩ። ስሙን ከነታሪኩ ነው የሚያወርዱት፤ ማን ቁጡ እንደነበር፣ ማን ቅዳሴ ላይ እንደሚያንቀላፋ። የስድስተኛውን ሰውዬ የበቅሎውን ስም ሳይቀር ነገሩኝ። ሰባት ቁጥርን ጽፌ ጠበቅሁ። እሳቸው ወደ ገብሳቸው ተመለሱ።

«ሰባተኛውስ እማሆይ?»

«ጠፋኝ።»

«ትንሽ ቢያስቡት?»

«ጠፋኝ አልኩህ! ዳዊቴን ልያዝ የሙታን ስም?»

የበቅሎ ስም የሚያስታውሱ ሴት! ተናድጄ ጉሙን እየገፋሁ ተመለስኩ።

የቆጠራው ቀን ሽማግሌዎች ሞላሌ፣ አባባ ደምሴ ደጅ ተሰበሰቡ። ወደርየለሽ ከጓዳው በር ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትበላለች። አባባ ደምሴ እንኳን ሰባት አሥራ አራት እቆጥራለሁ እያሉ የሚፎክሩ ሰው ናቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ስድስት ደረሱና ሳል ያዛቸው። የእናንተስ አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ አነበብኩ። ስድስት። ሰባተኛውን እማሆይ አጸደ ጠፋኝ ብለዋል አልኩ። አንዱ ሽማግሌ፣ ሳይሞላ ቆጠራ የለም፣ ይቅር ብለው ተነሡ። እኔማ አለቀልኝ አልኩ።

አባባ ደምሴ ግን አልተነሡም።

«ጠፋኝ አለች?»

«አዎ።»

«አጸደ?» እማሆይ እንኳ አላሉም።

«አዎ፣ አባባ።»

ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ራቤል በኩል ብዙ ቆይተው አዩ። «እንግዲያው እኔም ጠፋኝ» አሉ። «ለአጸደ የጠፋ ስም ለመንዝ ሁሉ ጠፍቷል። ቁጭ በሉና መርቁ!»

ተመረቅን። ተጋባን። የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና የተነሣች ዕለት አባባ ደምሴ ለብቻዬ ጠሩኝ። እማሆይ አጸደ በዚያ ክረምት ዐርፈዋል። በወጣትነታችን ከአጸደ ጋር ልንጋባ ነበር አሉኝ። ዘር ሲቆጠር አምስተኛው ላይ ተገናኘን። እሷ መነኮሰች፣ እኔ የመጣልኝን አገባሁ። ያ አምስተኛ ሰውዬ ለእናንተ ሁለት ትውልድ ተጨምሮ ሰባተኛ ሆነ፤ ለመጋባት አንድ ቤት ጎደላችሁ አሉ። እንባዬ መጣ። ገብሱ ላይ የቆመችው ያች እጅ ታየችኝ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እኔም ስልክ ላለው ሁሉ እላለሁ፤ ጻፉ፣ በነፃ ነው። ብቻ ያን ዕለት አባባ ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የሰውየውን ስም ነገሩኝ። እጄ ልማዱ ነውና ስልኬን አወጣሁ። ማስታወሻዋን ከፈትኩ። ሰባት ቁጥር አለች፤ ጎኗ ባዶ ነው። ጥቂት አየኋትና ስልኬን ኪሴ መለስኩ።

ስሙ ማን ነበር ነው የምትሉኝ? ገና ስንጀምር ምን ነገርኳችሁ? እኔ ያልጻፍኩትን ነገር አላስታውስም።