የአዛዧ ሚዜ እጅ

በየሠርጉ አንዲት አዛዥ ሚዜ እንደማትጠፋ አስተውላችኋል? በጃንሆይ ጊዜ ኮልፌ ስዳር የእኔዋ ጎረቤቴ አስካለ ነበረች።

«ሁላችንም አንድ ዓይነት!» አለች። የሚዜዎቼ ቀሚስ አንድ ዓይነት፣ ጫማቸው አንድ ዓይነት፤ ቢቻላት ቁመታቸውንም ታስተካክለው ነበር። ከአስኮ የመጣችውን ሚዜ፣ ሹሩባሽ ከእኛ ቀጠነ ብላ አስፈትታ እንደገና አሠራቻት። እንዲህ ያለ ጄኔራል ምን ይባላል?

በሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እንሶስላ ሞቅን። ሁላችንም እጃችን በጨርቅ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፈን ተደረደርን።

«በደንብ ሳይቀላ የፈታች ሚዜ አይደለችም!» ብላ አወጀች አስካለ።

ይሄኔ ይህን ቀን ሳታይ የሞተችው እናቴ ትዝ አለችኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። በምን ልጥረገው? እጄ ታስሯል። የሁሉም ታስሯል።

አስካለ የገዛ እጇን ጨርቅ በጥርሷ ፈታ ጣለች። እንሶስላውን በነጠላዋ ጠራረገችና እንባዬን በመዳፏ አበሰችልኝ።

«አይዞሽ እህቴ፣ እኔ አለሁልሽ።»

በጥቁርና ነጩ የሠርጌ ፎቶግራፍ ላይ የሁላችንም የቀላ እጅ ጠቁሮ ይታያል። አንድ ሚዜ ብቻ እጇ ነጥቶ ሰልፉን አበላሽታለች። ፎቶውን ለሚያይ ሁሉ መጀመሪያ የማሳየው ያንን እጅ ነው።