የቅዝቃዜ አጣሪ ኮሚቴው ታላቅ ድል

በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ በወርቅ ቀለም ሊጻፉ ከሚገባቸው ቀናት አንዱ የሥራ አስኪያጁ መኪና ኤሲ ሙቅ አየር መትፋት የጀመረበት ማክሰኞ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ወንበር ክራባታቸውን አላልተው «ምንድነው፣ ልትቀቅለኝ ነው?» አሉ።

ሾፌሩ ሃያ ስድስት ዓመት ያለ አንዲት ጭረት የነዳ፣ ለጡረታ ሰባት ወር የቀረው ሰው ነው። ምክንያቱን አላጣውም። መሥሪያ ቤቱ ባለፈው ሳምንት «ምስጉን ተቋም» ተብሎ የተሸለመውን የናስ ሰሌዳ ሥራ አስኪያጁ «ሕዝብ ይየው» ብለው መኪናው ፊት ላይ አስገጥመውታል። ሰሌዳው የቁም ሣጥን በር ያህላል፤ የፊቱን ፍርግርግ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል።

«ጌታዬ፣ ሰሌዳው ይመስለኛል...»

«ሰሌዳው ምን አደረገህ?»

«ኧረ ምንም። ያምራል።»

በማግስቱ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሾፌሩም «ለንብረት ተገቢውን ጥንቃቄ ባለማድረግ» የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ሁለተኛው ከመጣ ቁልፉን አስረክቦ ጡረታውን መጋዘን ውስጥ ከካርቶን ጋር ተፋጦ መጠበቅ ነው።

የኮሚቴው አባላት ሰብሳቢው፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋና የሕግ አማካሪው ነበሩ። ሦስቱም በጉዳዩ ላይ ፍጹም ገለልተኞች ናቸው፤ አንዳቸውም መኪና መንዳት አያውቁም። በቅድሚያ ከክሊኒኩ ቴርሞሜትር ተውሰው አየር መውጫው ላይ ሰኩት። ሠላሳ ስምንት ተኩል።

«ትኩሳት አለው» አለች የሰው ኃይል ኃላፊዋ። በቃለ ጉባኤው ሰፈረ።

ቀጥሎ መካኒክ ተጠራ። ጋዙን ለካ፣ ኮምፕረሰሩን አዳመጠ፣ ከዚያ ሰሌዳውን በጣቱ አንኳኳ። «ጋዙ ሙሉ ነው። ኮንደንሰሩ ግን ከፊት ነፋስ ካላገኘ ሙቀቱን የት ያድርሰው? ይቺን ብረት አንሷትና ተገላገሉ። ዛሬ ኤሲው ነው፣ ነገ ሞተሩ ይፈላል።»

ሰብሳቢው በትዕግሥት ፈገግ አለ። «ወንድሜ፣ የተጠራኸው ስለ ቅዝቃዜ እንጂ ስለ ሽልማት አይደለም።»

«እኮ ቅዝቃዜውን የከለከለው...»

«እናመሰግናለን። በሩ በዚያ በኩል ነው።»

በመጨረሻ ኮሚቴው መስኮት ዘግቶ ለግማሽ ሰዓት የመስክ ምልከታ አደረገ። ሰብሳቢው ፊቱን በአጀንዳው እያራገበ «አየሩ ቀዝቃዛ ነው የምትሉ?» ሲል ጠየቀ። ሁለት እጅ ወጣ። የሕግ አማካሪው ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ፤ ሸሚዙ ወንበሩ ላይ ተጣብቆ እጁን ማንሳት አልቻለም ነበር።

ስለዚህ አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ጸደቀ። ችግሩ «የተሳፋሪው ቅዝቃዜን የመቀበል አቅም ማነስ» ነው ተብሎ ተጻፈ። ተሳፋሪው ማን እንደሆነ ትዝ ሲላቸው ግን ቃሉ ተሰርዞ «የሾፌሩ አነዳድ» በሚል ተተካ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ታትሞ ሰኞ ሊፈረም ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ሾፌሩ እንደ ሳምንታዊው ትእዛዝ ሰሌዳውን ሊወለውል ፈትቶ እንዳወረደው ሥራ አስኪያጁ በጥድፊያ መጡ። «ቶሎ በል፣ ስብሰባ ረፍዶብኛል!» ሰሌዳውን መልሶ ለመግጠም ጊዜ አልነበረም፤ ከኋላ ጭኖት ተነሣ። አሥር ደቂቃ ሳይሄዱ ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን ቆለፉ።

«ኧረ ቀንሰው፣ በብርድ ልትጨርሰኝ ነው! ይኼ ኮሚቴ ለካ እንዲህ ጎበዝ ነው?»

ሾፌሩ በመስተዋቱ አያቸው። አፉን ከፈተ። ሰባቱ ወራት ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት።

«በጣም እንጂ ጌታዬ» አለ።

ማስጠንቀቂያው ተቀደደ። ለኮሚቴውም ደማቅ ሥነ ሥርዓት ተዘጋጀ። ሥራ አስኪያጁ «ሙቀትን በቁርጠኝነት ለታገሉ» ብለው አንድ ሰዓት ከሩብ ተናገሩ፤ ከመጀመሪያው የሚበልጥ የናስ ሰሌዳም አበረከቱ። ሰብሳቢው ተቀብሎ የት እንደሚሰቀል ሲጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ለአፍታም አላመነቱም።

«ሕዝብ ይየው!»

ሾፌሩ ካቻቢቴውን አነሣ። ሁለቱንም ሰሌዳዎች መኪናው ፊት ላይ ደራርቦ አጥብቆ አሰራቸው።

ሰኞ ዕለት መንገድ ላይ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ሲገባበት መስኮቱን አንዲት ጣት ያህል ዝቅ አደረገ። ከኋላ ጩኸት መጣ።

«ዝጋው እንጂ! ኮሚቴ የደከመበትን ቅዝቃዜ ሜዳ ላይ ትበትነዋለህ?»

ዘጋው። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት እየተትጎለጎለ የፊቱን መስታወት ሸፈነው። ሥራ አስኪያጁ በመሐረብ አንገታቸውን እየጠረጉ ወደ ፊት አንገታቸውን አሰገጉ።

«አየህልኝ?» አሉ በኩራት። «ከቅዝቃዜው ብዛት ጭጋግ ጀመረ!»