ቀስ ብሎ የተዘጋ በር

የሰው ጠባይ በበር አዘጋጉ ይታወቃል ቢሏችሁ እመኑ። እኛ ላስታዎች በር የምንዘጋው የተኛ ሕፃን እንደምናለብስ ነው። በሩን ደርግሞ የዘጋ ሰው አፉን ሳይከፍት ተሳድቧል፤ ሽማግሌ ካልገባበትም አይታረቅም። ለቤት ደግ ልማድ ነው። እንደኔዋ ባለች አሮጌ የጭነት መኪና ላይ ግን ጨዋነት ባትሪ ይጨርሳል።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። በመኪናዬ በሮች መቃን ላይ አውራ ጣት የምታህል የመብራት ቁልፍ አለች። በሩ ሲዘጋ ይጫናትና የጋቢናው መብራት ይጠፋል፤ ሲከፈት ብቅ ትልና ይበራል። የአገራችን አቧራ የሁለቱንም በሮች ቁልፎች አንቆ ያዘና መብራቱ እንዳሻው የሚበራ፣ ባትሪውም እንዳሻው የሚሞት ሆነ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ችዬው እኖር ነበር። ግን የእህቴ የእናኑ ልጅ ሊያገባ ነው፤ ሙሽራዋን ከሙጃ የምናመጣት ደግሞ በእኔ መኪና! እናኑ ደግሞ ድመት ብታስነጥስ ገድ የምታይ ሴት ናት። ሙሽራ ጭኖ የቆመ መኪና ለእሷ የፈረሰ ትዳር ነው።

ስለዚህ በሰርጉ ማለዳ ቁልፎቹን በአዲስ ተካኋቸው። ብሎኑን ፈታሁ፣ ሽቦውን ነቀልሁ፣ አዲሱን ሰካሁ፤ በቃ። በሮቹን ግው ግው አድርጌ ሞከርሁ፣ መብራቱ እሺ አለ። እጄን በጨርቅ ስጠርግ፣ አገር መሐንዲስ አጥታ የምትቸገረው እኔን ሳትጠይቅ ቀርታ ይመስለኝ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አዲሶቹ ቁልፎች አጠር ያሉ ኖረው በሩ በኃይል ካልተዘጋ አይነኩም፤ እኔ ደግሞ የሞከርኋቸው በሹፌር እጅ ነው።

ሙጃ ደረስን። ሰርገኛ በመጣበት መንገድ አይመለስምና ሽቅብ በሚወጣው በሌላው መንገድ ልንሄድ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አዙሬ አቆምኋት። የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ ከጎኔ ወረዱና በሩን በሁለት እጃቸው፣ ቅዱስ መጽሐፍ እንደሚያጥፉ አድርገው ዘጉት። ፀሐዩ ደምቆ ነበርና መብራቱን ማን ያያል? ሰው በላ፣ ጠጣ፣ እስክስታው ቀለጠ። እኔም ጠላውን በዓይኔ ጠጣሁ።

ሙሽራዋ ወጣች፤ እንደ ወጉ አለቀሰች፤ በእልልታ ጋቢና ገባች፤ አባም ተከትለዋት በበሩ በኩል ተቀመጡ። የሞተሩን ቁልፍ አዞርሁ። ጭጭ። ደግሜ አዞርሁ። ጭጭ!

ሚዜዎቹ ሽቅብ ገፉ፤ የሄደው ጫማቸው ነው። የቀረው ቁልቁል ወደ ኋላ ለቅቆ ማስነሳት ብቻ ሆነ፤ ቁልቁሉ ግን የመጣንበት መንገድ ነው። እናኑ ከኋላ ከመጫኛው ላይ ጮኸች።

«ወንድም ዓለም፣ በመጣንበት ልትመልሳት? ልጄን ልታፋታው ነው?»

አባ ጭራቸውን ወዘወዙና በመስኮት ብቅ አሉ።

«እናኑ፣ የሙሽራዋ ፊት ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ ነው አባ።»

«እንግዲያማ አልተመለሰችም። መንገዱ ነው ከሥሯ የሚሄደው። ልቀቀው ልጄ!»

የኋላ ማርሽ አስገብቼ ለቀቅሁት። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ሙሽራው፣ ሙሽራዋ፣ ሁላችንም የኋሊት! ታች ስንደርስ ሞተሩ አጓራና ሚዜዎቹን በጭስ አጠናቸው። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ወዲያው ወደ ዳገቱ ሳቀና ከሙሽራዋ ራስ በላይ መብራቱ ቦግ ብሎ አየሁት። ጉዱ ገባኝ። አባ በሩን እንደ ልማዳቸው ነው የዘጉት። ታዲያ ለንስሐ አባት «ደርግሙት» ይባላል? ወዲያ ወዲህ እያልሁ መብራቱን፣ በሩን፣ መብራቱን አያለሁ።

ቀኑን ሙሉ ከጉልበቷ ዓይኗን ያላነሳችው ሙሽራ ታየኝ ነበር ለካ። «ይቅር ይበሉኝ አባ» አለችና በፊታቸው እጇን ዘርግታ፣ በሩን ከፈት አድርጋ፣ ግው!

መብራቱ ጠፋ። ዘፈኑም ጠፋ።

«ምን ተሰበረ?» አለች እናኑ ከኋላ።

ሙሽራዋ መልሳ አቀረቀረች። አባ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ምንም አልተሰበረም! በር ተዘግቶ ነው!»

ትዳሩ እግዜር ይመስገን ሞቅ ብሎ አለ። ቁልፎቹንም አልቀየርኋቸውም፤ የተሳፈረውን ሁሉ «ደርግሙት!» እያልሁ እለምናለሁ። አባን ብቻ ምንም አልላቸውም። ቀስ አድርገው ዘግተው፣ ባርከውኝ ይሄዳሉ። ከዓይናቸው እስክርቅ እነዳና ወርጄ ደርግሜ እዘጋዋለሁ።