በካልሲ የተጎበኘው ቤተ መንግሥት

(አዋላጇና ልብስ ሰፊዋ የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው። ለሁለት ቀን ትልቁን ከተማ ሊያዩ መጥተዋል። ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡሳቸው ይነሣል። አንድ ትልቅ የመስታወት በር ፊት ቆመው ይጨቃጨቃሉ። አዋላጇ በአንድ እግሯ ቆማ ጫማዋን ታወልቃለች።)

አዋላጇ፦ አውልቂ ብዬሻለሁ! ቤተ መንግሥት በጫማ አይገባም።

ልብስ ሰፊዋ፦ ዘበኛው በጫማ ነው እኮ የቆመው።

አዋላጇ፦ እሱ ደመወዝተኛ ነው። እኛ እንግዶች ነን።

ልብስ ሰፊዋ፦ የገባው ሰው ሁሉ በጫማ ገባ።

አዋላጇ፦ አላዋቂዎች ናቸዋ! እኔ ያኔ ለአዋላጆች ስብሰባ ስመጣ ይኼን ከተማ እንደ መዳፌ አውቄዋለሁ። በይ፣ ያዢልኝ።

ልብስ ሰፊዋ፦ (የራሷንም እያወለቀች) አንቺዬ፣ ካልሲሽ ተቀዷል። አውራ ጣትሽ ወጥቶ ዓለምን ያያል።

አዋላጇ፦ እሱም ለጉብኝት መጥቷል፣ ይይ! ደግሞስ ልብስ ሰፊ ጓደኛ እያለችኝ በተቀደደ ካልሲ ብሄድ፣ የምታፍረው ማን ናት?

(ይገባሉ። ሰፊ አዳራሽ ነው። አልጋ፣ ሶፋና ቁም ሳጥን በየቦታው ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተንጠልጥሏል።)

ልብስ ሰፊዋ፦ ወይ ጉድ! በይ ቀስ እያልሽ አስረጂኝ። አንድም ሳላስቀር ልነግረው ነው።

አዋላጇ፦ ለባልሽ?

ልብስ ሰፊዋ፦ ለሌላ ለማን! «ዓይኔ ሆነሽ እይልኝ» ብሎኛል። ሃያ ዓመት የጭነት መኪና እየነዳ በከተማው ዳር ሲያልፍ፣ አንድ ቀን ገብቶ ቤተ መንግሥቱን አላየም። አሁን ደግሞ እግሩ ተሰብሮ ይኸው ስድስት ወር ተኛ። የምነግረው አጥቼ ብመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርብኛል።

አዋላጇ፦ ከእኔ ጋር መጥተሽማ የምትነግሪው አታጪም! ስሚ። ይኼ የንጉሡ አልጋ ነው።

ልብስ ሰፊዋ፦ ያኛውስ?

አዋላጇ፦ እሱም የንጉሡ።

ልብስ ሰፊዋ፦ ከዚያ ወዲያ ያለውስ?

አዋላጇ፦ ንጉሥ እንደ እኔና እንዳንቺ አንድ አልጋ ላይ ብቻ ይተኙ? አንዱ ሲቆጡ የሚተኙበት፣ አንዱ ሲደሰቱ የሚተኙበት፣ ያ ደግሞ ከንግሥቲቱ ሲኳረፉ።

ልብስ ሰፊዋ፦ የኩርፊያው ጠበብ ይላል።

አዋላጇ፦ ንግሥቲቱ ናቸዋ ያሠሩት!

ልብስ ሰፊዋ፦ የተንጠለጠለው ቁጥርስ ምንድን ነው?

አዋላጇ፦ ዘመኑ ነው። መነጽሬን ማደሪያችን ረሳሁት እንጂ… እስቲ አንብቢልኝ።

ልብስ ሰፊዋ፦ (በጣቷ እየተከተለች) አሥራ… ስምንት ሺህ… አምስት መቶ።

አዋላጇ፦ አየሽ!

ልብስ ሰፊዋ፦ እዚያ ዘመን ገና አልደረስንም እኮ።

አዋላጇ፦ የነገሥታት አቆጣጠር ከእኛ ይለያል።

ልብስ ሰፊዋ፦ (ፍራሹን እየዳሰሰች) ላስቲክ ለብሷል። ንጉሡ ላስቲክ ላይ ነበር የሚተኙት?

አዋላጇ፦ (ድምጿን ዝቅ አድርጋ) ሠላሳ ዓመት አዋላጅ ነኝ። ላስቲክ ለምን እንደሚነጠፍ ለእኔ አይነገርም። ንጉሥም ሲያረጅ ሰው ነው። ይኼን እንኳ ለባልሽ አትንገሪው፣ ነውር ነው።

ልብስ ሰፊዋ፦ (ከንፈሯን ነክሳ) እሺ። መጋረጃው ግን በስፌት መኪና የተሰፋ ነው። ክሩም ርካሽ ክር ነው።

አዋላጇ፦ ለነገሥታት መኪናው ቀድሞ ደርሷል። ክሩን ግን አትንቀፊ፤ በዘመኑ ጦርነት ነበር።

(ልብስ ሰፊዋ ትልቅ ወንበር ላይ ዘፍ ትላለች።)

አዋላጇ፦ ተነሺ! ልታሳስሪኝ ነው?

(ከረባት ያሰረ ሻጭ ፈገግ ብሎ ይመጣል።)

ሻጩ፦ ኧረ ይቀመጡ እናቴ! ደገፍ ብለው ይሞክሩት።

አዋላጇ፦ (በሹክሹክታ) አየሽ? ያኔ መምጣቴን አስታውሶ ነው።

ሻጩ፦ አልጋውንም ሲያዩት ነበር። ከወደዱት ዛሬውኑ ቤትዎ ድረስ እናደርሳለን።

አዋላጇ፦ የቱን አልጋ?

ሻጩ፦ ይኸን። ቅናሽም አለው።

አዋላጇ፦ የንጉሡን አልጋ?! ኧረ የሕግ ያለህ! ቅርስ ሊሸጥልን ነው!

ሻጩ፦ ቀለሙን ካልወደዱት መጋዘን ውስጥ ሌላ ሃያ አለን…

አዋላጇ፦ ሃያ! ሃያ ንጉሥ ዘርፈዋል! ፖሊስ! አንቺ ምን ትገተሪያለሽ፣ እጁን ያዢው እንጂ!

ሻጩ፦ ኧረ በፈጠረዎት! ይኼ የቤት ዕቃ መሸጫ ነው!

(የአዋላጇ አውራ ጣት ተመልሶ ወደ ካልሲው ሊገባ ይሞክራል።)

አዋላጇ፦ …የቤት ዕቃ።

ልብስ ሰፊዋ፦ (ሳቋ ያመልጣታል) በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል።

አዋላጇ፦ አንብበሽው ነበር?!

ልብስ ሰፊዋ፦ ፊደል በፊደል። አንቺ ትራፊኩን መንገድ ስትጠይቂ ደግሞ የቤተ መንግሥቱን በር አየሁ። ያ በቆርቆሮ የታጠረው ግቢ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ለእድሳት ተዘግቷል» ይላል።

አዋላጇ፦ ታዲያ እኔን በካልሲ ታዞሪኛለሽ? አንቺ ክፉ!

ልብስ ሰፊዋ፦ ወረቀቱን ሳነብ፣ አሁን ምን ልነግረው ነው አልኩ። ከዚያ አንቺ እዚህ በር ላይ ጫማሽን ማውለቅ ስትጀምሪ፣ በልቤ «ተገኘ!» አልኩ።

አዋላጇ፦ ምኑ ነው የተገኘው?

ልብስ ሰፊዋ፦ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ቤተ መንግሥቱንማ ብነግረው «እህ» ብሎ ይተኛ ነበር። አንቺን ስነግረው ግን…

አዋላጇ፦ እኔን? ላስቲኩንም?

ልብስ ሰፊዋ፦ ላስቲኩንማ ሁለት ጊዜ።

(አዋላጇ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል።)

አዋላጇ፦ እውነት ይስቃል ትያለሽ?

ልብስ ሰፊዋ፦ እግሩን እስኪረሳው።

አዋላጇ፦ (ቀሚሷን አስተካክላ ትነሣለች) ይህች ብቻማ አትበቃውም። አንተ ልጅ፣ ፎቁ ላይ ምን አለ?

ሻጩ፦ የመጸዳጃ ቤት ዕቃ ነው እናቴ። መታጠቢያ፣ መቀመጫ…

አዋላጇ፦ (የጓደኛዋን ክንድ ይዛ ወደ ደረጃው እየጎተተች) ቶሎ በይ እንጂ! ዙፋኑን ሳናይ ልንሄድ ነበር!