በውድ ሰዓት አሳንሰር ውስጥ ስለቀሩት ገንዘብ ያዥ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የስብሰባው ቀን፦ ወሩ በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ።

ሰዓት፦ 11 ሰዓት ተብሎ ተጠርቶ 11 ተኩል ላይ ተጀመረ።

ቦታ፦ የሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው መዞሪያ ላይ፣ ከአሳንሰሩ በር ፊት ለፊት። የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ስብሰባ በሰብሳቢው ሳሎን ታስቦ ነበር። ባለቤታቸው ወለሉን ወልውለው "አንድ ሰው ቢረግጠው ወዮለት" ስላሉ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ወደ ደረጃው ተዛውሯል።

የተገኙ፦

1. የቀድሞው የትራፊክ ፖሊስ፣ ጡረተኛ፣ ከሁለተኛ ፎቅ፣ ሰብሳቢ። ፊሽካቸውን ይዘው ተገኝተዋል።
2. ልብስ ሰፊዋ፣ ከምድር ቤት፣ አባል።
3. እማማ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ አባል። ወንበር ይዘው የመጡት እርሳቸው ብቻ ናቸው።
4. ነርሷ፣ ከአራተኛ ፎቅ፣ አባል፤ የገንዘብ ያዡ ባለቤት። የሌሊት ተረኛ ስለሆኑ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጥተዋል።
5. የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ ከአንደኛ ፎቅ፣ ጸሐፊ። የተመረጠውም ባለፈው ስብሰባ እስክሪብቶ የያዘ እርሱ ብቻ ሆኖ ስለተገኘ ነው።

ያልተገኙ፦ ገንዘብ ያዡ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ የሆኑትና በነዋሪው ዘንድ "ቆጥቤ" የሚባሉት፣ ከሥራ እየመጡ በመሆናቸው። የጥርስ ሐኪሙ፣ ያለ በቂ ምክንያት። የቴሌቪዥናቸው ድምፅ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በስብሰባው ተገኝቷል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ መሠረት ገንዘብ ነክ ውሳኔ ገንዘብ ያዡ ከሕንፃው ውስጥ ሳይኖሩ አይጸናም። ሰብሳቢው በስልክ ጠይቀዋቸው "መታጠፊያው ጋ ደርሻለሁ" ስላሉ፣ መታጠፊያው ለጊዜው የሕንፃው አካል ሆኖ እንዲቆጠር ተወስኖ ስብሰባው ተከፍቷል።

አጀንዳ አንድ፦ አዲሱን የመብራት ዋጋ መረዳት

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ የስድስቱም ቤት መብራት የሚያልፈው በአንድ ቆጣሪ ነው። አዲሱ ቆጣሪ ከተተከለ ወዲህ ዋጋው እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ሌሊቱ ርካሽ፣ ቀኑ መካከለኛ፣ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ያለው ደግሞ ውድ ሰዓት ይባላል።

እማማ "የምሽቱ መብራት ከቀኑ በምን ይበልጣል? ያው አምፖል፣ ያው ግድግዳ!" ሲሉ ጠይቀዋል። ልብስ ሰፊዋ ምሽት ላይ የሚመጣው ወፈር ያለ ሳይሆን እንደማይቀር ግምታቸውን ሰጥተዋል።

ነርሷ እንዳብራሩት፣ ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ አምፖሉን፣ ምድጃውን፣ ቴሌቪዥኑን በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ያን ጊዜ ኃይሉ አይዳረስም፤ ተጨማሪ ማመንጨቱም ብዙ ያስወጣል። ስለዚህ ሰው ሊቆይ የሚችለውን ሥራ፣ ለምሳሌ የልብስ ማጠቢያውን፣ ወደ ሌላ ሰዓት እንዲያዞር ነው ዋጋው የተወደደው። "ሊቆይ የሚችለውን ብቻ" ሲሉ ነርሷ አጥብቀው አሳስበዋል። በዚሁ ቅጽበት ሰብሳቢው "የመንገድ መጨናነቅ ማለት ነው! ዕድሜዬን የፈጀሁበት!" ብለው በደስታ ፊሽካቸውን ስለነፉ፣ "ሊቆይ የሚችለውን ብቻ" የሚለው ማሳሰቢያ አልተሰማም። ጸሐፊው አጠገባቸው ስለነበረ ሊመዘግበው ችሏል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጉዳዩ ለሁሉም ግልጽ መሆኑ ተወሰነ። እማማ ለእርሳቸው ግልጽ እንዳልሆነ ቢናገሩም በድምፅ ብልጫ ተሸንፈዋል።

አጀንዳ ሁለት፦ የእማማ ፍሪጅ

ሰብሳቢው፣ የእማማ ፍሪጅ ውድ ሰዓትን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ምሽቱን ሙሉ እንደሚያጉረመርም ገልጸው በየምሽቱ ለአራት ሰዓት እንዲጠፋ ጠይቀዋል። እማማ በምላሻቸው "ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ሰዓት አክብር ብዬ ብለምነው ዕድሜ ልኩን እምቢ ያለኝ ሴትዮ፣ ዛሬ ፍሪጅ ይስማኝ?" ብለዋል።

ልብስ ሰፊዋ፣ ፍሪጁ ጠፍቶ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብርድ ልብስ እንዲለብስ ሐሳብ አቀረቡ። እማማ "እኔ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ለእሱ ብርድ ልብስ!" በማለት ተቃወሙ። ጸሐፊው ብርድ ልብስ ያሞቃል ወይስ ያቀዘቅዛል ብሎ ጠይቆ፣ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጪ ነው ተብሏል።

ልብስ ሰፊዋ ከፊት ለፊቱ ቁልፍ ያለው የፍሪጅ ካፖርት እንዲሰፉ ተወሰነ። ወዲያውም የፍሪጁን የወገብ ልክ ጠይቀው፣ እማማ "እንዲህ ያለው በወንዶች ፊት አይነገርም" ብለዋል።

አጀንዳ ሦስት፦ የልብስ ሰፊዋ ካውያ

ካውያው ከሕንፃው ዕቃ ሁሉ ይበልጥ መብራት የሚበላ መሆኑ ተነግሯል። ልብስ ሰፊዋ ደንበኞቻቸው የሚመጡት ከሥራ ሲወጡ፣ ልብሱን የሚፈልጉት ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት መሆኑን አስረድተዋል። ሰብሳቢው ደንበኞቹ ቀን ቀን እንዲመጡ ይነገራቸው ሲሉ፣ ልብስ ሰፊዋ "ሱሪያቸውን እዚህ አውልቀው በምን ወደ ቢሮ ይመለሳሉ ጋሼ?" ብለው ጠይቀዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የደንበኞች ሱሪ በየቤቱ ፍራሽ ሥር ተዘርግቶ በነዋሪው ክብደት እንዲተኮስ ተወሰነ። የጥርስ ሐኪሙ በኪሎ ሁሉንም እንደሚበልጡ ስለታመነበት፣ በሌሉበት አብዛኛው ሱሪ ለእርሳቸው ተመድቧል። ጸሐፊው ሲተኛ የሚገላበጥ መሆኑን ገልጾ ከሱሪ ነፃ እንዲደረግ አመለከተ። ጸሐፊ ድምፅ የለውም ተብሎ ውድቅ ሆኖበታል፤ ይህንንም ጸሐፊው ያለ ምንም ቂም መዝግቧል።

አጀንዳ አራት፦ የገንዘብ ያዡ ሐሳብ

ሰብሳቢው ገንዘብ ያዡ በስልክ የነገሯቸውን ሐሳብ አቀረቡ። በሐሳቡ መሠረት ከነገ ሳይሆን ከዛሬ ጀምሮ፣ ልክ 12 ሰዓት ሲሆን የሕንፃው ዋና ማጥፊያ ይወርዳል። ነዋሪው እራቱን በ10 ሰዓት በልቶ ይተኛል፣ በ4 ሰዓት ተነሥቶ ያበስላል፣ ያጥባል፣ ከዚያም እስኪነጋ የፈለገውን ያደርጋል። ገንዘብ ያዡ "እንቅልፍ መብራት አይበላም" ማለታቸውም ተገልጿል።

እማማ ሰው ሁሉ በ4 ሰዓት ተነሥቶ የሚተኩስ ከሆነ ሱሪው ፍራሽ ሥር ምን ይሠራል ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ያ አጀንዳ ተዘግቷል ብለዋል።

ነርሷ ሐሳቡን ተቃውመዋል። ባለቤታቸው 12 ሰዓት ላይ ከሥራ እንደሚገቡ፣ እርሳቸው ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ሆስፒታል እንደሚሄዱ፣ ጠዋት እርሳቸው ሲገቡ ባለቤታቸው እንደሚወጡ አስረዱ። በቀን ውስጥ የሚገናኙት በዚያች አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሰብሳቢው ለመገናኘት መብራት ያስፈልጋል ወይ ብለው ጠየቁ። ነርሷ "ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ" ሲሉ መለሱ። ሰብሳቢው "ፊቱ እንደሆነ ከትናንት ወዲህ አልተለወጠም" ብለዋል።

ድምፅ ተሰጠ። ድጋፍ ሦስት፦ ሰብሳቢው፣ ሌሊት መስፋት የሚወዱት ልብስ ሰፊዋ፣ ገንዘብ ያዡ በስልክ። ተቃውሞ ሁለት፦ ነርሷና እማማ። ሐሳቡ ጸድቆ፣ ሰብሳቢው ወደ ምድር ቤት ወርደው 12 ሰዓት ሲሆን ማጥፊያውን አወረዱ። ሕንፃው ጨለመ። የጥርስ ሐኪሙ ቴሌቪዥን ጸጥ አለ። ቀጥሎ ከአሳንሰሩ ውስጥ ዱብ የሚል ድምፅ፣ ከዚያም "ኧረ ሰው!" የሚል ጩኸት ተሰማ።

አጀንዳ አምስት (ድንገተኛ)፦ አሳንሰሩ ውስጥ ያለው ሰው

ጸሐፊው ከዚህ በታች ያለውን የጻፈው በነርሷ የእጅ ስልክ ብርሃን ነው።

ጩኸቱ የገንዘብ ያዡ መሆኑ ተረጋገጠ። ውድ ሰዓት ሳይገባ አራተኛ ፎቅ ልድረስ ብለው ከመንገድ እየሮጡ አሳንሰሩ ውስጥ እንደገቡ፣ ከሁለተኛው ፎቅ ዝቅ ብሎ እንደቆመባቸው በበሩ በኩል አስረድተዋል። ሰብሳቢው ገንዘብ ያዡ ያለ ጥርጥር ከሕንፃው ውስጥ ስለሚገኙ ምልዓተ ጉባኤው አሁን መሟላቱን በደስታ አበሠሩ፤ መውጣት እስካልቻሉ ድረስ ስብሰባ ረግጠው ሊወጡ እንደማይችሉም አክለው ገልጸዋል።

ነርሷ መብራቱ እንዲበራ ጠየቁ። ይህን የተቃወሙት ራሳቸው ገንዘብ ያዡ ናቸው። "በውድ ሰዓት እንዳታንቀሳቅሱኝ! እስከ አራት ሰዓት እጠብቃለሁ። ደግሞም ጃኬት ለብሻለሁ" ብለዋል። እማማ ጸሐፊውን ጠጋ ብለው "ይኼ ልጅ እናቱም እንዲህ ነበረች" ሲሉ ሹክ ብለዋል።

በዚህ መሐል የጥርስ ሐኪሙ ቴሌቪዥናቸውን ማን እንዳጠፋባቸው ለመጠየቅ በነጠላ ጫማ መጡ፤ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ እንደተገኙ ተቆጥሯል። ሰብሳቢው የእንኳን ደህና መጡ ንግግር አድርገው፣ አሥራ አንድ ሱሪ እንደተመደበላቸው አሳወቋቸው። የጥርስ ሐኪሙ የሰጡት መልስ ለቃለ ጉባኤ የሚመች አይደለም።

ከዚህ በኋላ ነርሷ ወደ አሳንሰሩ በር ቀርበው ከባለቤታቸው ጋር ተነጋገሩ። ሰብሳቢው ይህ የጎን ወሬ ስለሆነ አይመዝገብ ብለው ነበር፤ ጸሐፊው ግን ልማድ ሆኖበት መዝግቦታል።

"ትሰማኛለህ?"

"እሰማሻለሁ። ስልክሽን አጥፊው፣ ባትሪው ያልቃል።"

"አራት ሰዓት ላይ እኔ ሥራ ላይ ነኝ እኮ።"

"እንግዲህ ነገ እንገናኛለን።"

"ነገም ያው ነው። የምነግርህ ነገር አለኝ፤ ዛሬ ልነግርህ ነበር፣ ቁጭ ብለን።"

"እዚያው ሆነሽ ንገሪኝ።"

ነርሷ ዘወር ብለው ጉባኤውን ተመለከቱ። የጥርስ ሐኪሙ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ ምንም እንደማይሰሙ ለማሳየት በጣታቸው የግድግዳውን ስፋት በስንዝር መለካት ያዙ። እማማ ግን ወንበራቸውን አስጠጉ።

"ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል ይፈልገኛል" አሉ ነርሷ። "የቀን ሥራ ነው። ሌሊት የለም። ነገ ጠዋት እሺ ወይም እምቢ ማለት አለብኝ።"

ከአሳንሰሩ መልስ ዘገየ። ሰብሳቢው ገንዘብ ያዡ ድምፀ ተዓቅቦ ማድረጋቸው ይመዝገብ ሲሉ፣ እማማ "ዝም በል አንተ!" ብለዋቸዋል።

"ብቻሽን ነው የምትሄጅው?" የሚል ድምፅ ተሰማ።

"እሱን ነበር የምጠይቅህ።"

"ምን ብለሽ ነው የምትመልሽላቸው?"

"በር አላናግርም። ፊትህን ሳላይ አልመልስም። ምሽቱን ለዚህ ነበር የጠበቅኩት፤ አንተ ግን መብራቱን አስጠፋህብኝ።"

ገንዘብ ያዡ በሩን በሁለት እጃቸው ደበደቡ። "አብሩት!" አሉ። "ጋሼ፣ አሁኑኑ አብሩት! የፈለገውን ያህል ይቁጠር!"

ሰብሳቢው የተሰጠ ውሳኔ በተወሰነበት ምሽት ሊሻር እንደማይችል የደንቡን አንቀጽ ጠቀሱ። ከዚህም በላይ ከአሳንሰር የሚቀርብ ሐሳብ ደጋፊ ያስፈልገዋል አሉ። እማማ ደገፉ። የጥርስ ሐኪሙ ከሱሪው ጋር አንድ ላይ ይሻር ብለው ደገፉ። ልብስ ሰፊዋ እያለቀሱ ስለነበረ እጅ ማውጣታቸውና ዓይናቸውን መጥረጋቸው ሊለይ አልቻለም። ሰብሳቢው ድምፁ እንደገና ይቆጠር ሲሉ እማማ "ጉድ እኮ ነው! ውድ ሰዓት ውድ ሰዓት ስትሉ የዋላችሁት፣ ሰው ከሚወደው ጋር የሚሆንበት ሰዓት መስሎኝ ነበር" ብለዋል።

ቆጠራው በመካሄድ ላይ እያለ ነርሷ ደረጃውን በሩጫ ወርደው፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ ማጥፊያውን ከፍ አደረጉት። ሕንፃው ከላይ እስከ ታች በራ። ቴሌቪዥኑ ጮኸ፣ የእማማ ፍሪጅ ከላይ ማጉረምረም ጀመረ። አሳንሰሩ ሁለተኛ ፎቅ ደርሶ ተከፈተ። ገንዘብ ያዡ ክራባታቸው ወደ ጎን ዞሮ፣ ላብ አጥምቋቸው ወጡ። ሰላምታ ለማንም አልሰጡም። ደረጃውን እያለከለኩ የወጡትን ባለቤታቸውን ቆመው አዩዋቸው።

"ፀጉርሽን ተቆርጠሻል" አሉ።

"ሁለት ሳምንት ሆነው" አሉ ነርሷ።

ሁለቱም በእግራቸው ወደ አራተኛ ፎቅ ወጡ። ነርሷ በዚያው ወደ ሆስፒታል ደውለው እንደሚዘገዩ ሲናገሩ ተሰምቷል። ጉባኤው ሊበተን ሲገባው ማንም አልተነሣም። እማማ እንዳሉት፣ "እንዲህ ተንጠልጥሎማ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ከቆይታ በኋላ ባልና ሚስቱ ተመልሰው ወረዱ። ገንዘብ ያዡ፣ ባለቤታቸው ሥራውን እንደሚቀበሉ፣ እርሳቸውም አብረው እንደሚሄዱ፣ እዚያም ከተማ ቢሆን ሒሳብ የሚሠራለት የማይፈልግ ፋብሪካ እንደማይኖር ተናግረው ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። ነርሷ ሲስቁ ጸሐፊው ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሰብሳቢው አሳንሰሩ በውድ ሰዓት ያደረገው ጉዞ ወጪው ምን ያህል እንደሆነ ገንዘብ ያዡን ለመጨረሻ ጊዜ በገንዘብ ያዥነታቸው ጠየቋቸው። ገንዘብ ያዡ "አላሰብኩትም" ብለዋል።

ውሳኔ፦

ገንዘብ ያዥ የሌለው ኮሚቴ ገንዘብ ነክ ጉዳይ መወሰን ስለማይችል፣ መታጠፊያውም የሕንፃው አካል ሆኖ ስለማያውቅ፣ ከአጀንዳ አንድ እስከ አጀንዳ አራት የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ፍሪጁ ያለ ካፖርት ይቀጥል። ሱሪዎቹ ወደ ካውያቸው ይመለሱ። ማንም ሰው በፈለገው ሰዓት ይብራለት። የልብስ ማጠቢያ ብቻ ሌሊት ይሁን የሚል ሐሳብ ጸሐፊው ቢያቀርብም፣ ጸሐፊ ድምፅ የለውም ተብሏል።

ስብሰባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ። ውድ ሰዓት ሊያበቃ ገና ብዙ ይቀረው ነበር፤ ወደ ቤቱ ለመግባት የቸኮለ ግን አልነበረም።