የባሽሙሐንዲስ ዓለምነህ አውራ ጣት

የትም አገር ቢሆን፣ ኮፈኖ ተከፍቶ ሁለት ሰዎች ሞተር ላይ ከተጎነበሱ፣ ሦስተኛው ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከች ይላል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ መፍቻ አይይዝም፣ ዘይት አይነካውም። ሥራው ማወቅ ብቻ ነው። የዚህ ወገን ሰዎች ማኅበር ቢኖራቸው ኖሮ የካርቱም ቅርንጫፍ ሊቀ መንበርነት ያለ ምርጫ ለጋሽ ዓለምነህ ይሰጥ ነበር።

ደመቀ የተዋወቃቸው ሶባ፣ ከዓባይ ዳር ባለው የሀጅ ኦመር አትክልት ቦታ ነው። ደመቀ ወደ ሊቢያ ለማለፍ የመጣ፣ መንገዱ እስኪገኝለት በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ነበር። ሀጅ ኦመር ደግሞ አንድ ያረጀ የቤንዚን ትራክተር ነበራቸው። ማረሱን ከተወ ቆይቷል፤ ጎማው በድንጋይ ተደግፎ፣ በቀበቶ ፓምፕ እያዞረ ከወንዙ ውሃ ይስባል። ባሚያውም ሞሎኪያ የሚሉት የወጥ ቅጠልም የሚኖሩት በእሱ ነው። ውሃው ከቆመ እርሻው ይደርቃል፣ እርሻው ከደረቀ ደመቀ ከነፍራሹ መንገድ ላይ ነው።

የትራክተሩ በሽታ እሳቱ ላይ ነበር። ካንዴላዎቹ መቼ እሳት እንደሚሰጡ የሚወስነው ዕቃ ማሰሪያ ብሎኑ ተበልቷል፤ ሞተሩ ጥቂት ቀን ሲንቀጠቀጥ ዕቃው ይላላና ከቦታው ይሸሻል። ያን ጊዜ ትራክተሩ ያስነጥሳል፣ ያስላል፣ መጨረሻ ላይ ይተኛል። ቦታውን ለመመለስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከፊት ቆሞ የማስነሻውን ብረት ቀስ እያለ ያዞራል። ሌላው የመጀመሪያውን ካንዴላ ፈትቶ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ይደፍናል፤ ፒስተኑ አየሩን ጠቅጥቆ ጣቱን ሲገፋው «እዚህ ላይ! ቁም!» ይላል። ቀጥሎ ስስ የሲጋራ ወረቀት በፑንቲናው፣ እሳቱን በሚያቋርጡት ሁለት ትንንሽ ብረቶች፣ መሀል ይገባል፤ ዕቃውን ጥቂት በጥቂት እያዞሩ ወረቀቱ ሳይቀደድ ሾልኮ ሲወጣ ልኩ እሱ ነው፣ ብሎኑ ይጠብቃል።

ብረቱን የሚያዞረው መቼም ደመቀ ነው። አውራ ጣቱ የጋሽ ዓለምነህ ሥልጣን ነበር።

በየጁምዓው ከሚኖሩበት ከቡሪ ሰፈር ሀፍላ በሚሉት አውቶቡስ፣ ሁለት ለዋውጠው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ይመጣሉ። በደርግ ጊዜ ሁመራ ላይ ትራክተር ነድተዋል። ካርቱም ከገቡ ወዲህ ግን ሲነዱ ያየ ሰው የለም፤ ሲያስነዱ እንጂ። ሀጅ ኦመር በሱዳን ወግ «ባሽሙሐንዲስ» ይሏቸዋል፣ ዋና መሐንዲስ እንደማለት። ሀጅ ለቀልድ ያሉትን ጋሽ ዓለምነህ እንደ ዲፕሎማ ተቀበሉት።

«እኔን ብትሰማኝ፣» ይላሉ ገና ከመድረሳቸው፣ «ብረቱን ስትይዝ አውራ ጣትህን አትጠምጥም! ከጣቶችህ ጋር አሰልፈው። እሳቱ ከቀደመ ብረቱ መልሶ ይመታል። ይህን ክንድ አየኸው?»

የግራ ክንዳቸው ጠምዘዝ ያለ ነው። ደመቀ ክንዱን ከማየት ብዛት በእንቅልፉም ይሥለዋል። ቢሆንም ሁልጊዜ አውራ ጣቱን ይጠመጥማል፤ ሰውዬው ስላሉት ብቻ።

ምክራቸው በትራክተር አያበቃም። ሲጋራ ሳያጨሱ ወረቀቱን ከሚያጨሱ ጎረቤቶች ይለቅማሉ፣ ሰጪውንም ስለ ሳንባው አስተምረውት ይሄዳሉ። ባለቤታቸውን እትዬ ሙላቷን ሽሮ እንዴት እንደሚንተከተክ፣ ጸጉር ቆራጩን መቀስ እንዴት እንደሚያዝ መክረዋል። በዚያ በጋ የቡሪ ወጣቶች «ተስጉት በስ! ይውደቅ፣ በቃ!» እያሉ በሱዳን መንግሥት ላይ ሲወጡ፣ ጋሽ ዓለምነህም ወጡ። ለመፈክር አይደለም። ልጆቹ መንገድ የሚዘጉበትን የድንጋይ ክምር አይተው መታገስ ስላልቻሉ ነው።

«ያ ወለድ! አንተ ልጅ! እንዲህ ነው እንዴ ግንብ የሚሠራው? ሰፊው ከታች! መጋጠሚያው እንዳይገናኝ!»

አስለቃሽ ጭሱ እያስነባቸው በስንዝር እየለኩ አሠሩት። በማግስቱ ሀፍላው በዚያ ማለፍ አቅቶት ግማሹን መንገድ በእግራቸው ኳትነው፣ አቧራ ለብሰው ሶባ ደረሱ። «ግንቡ ግን ግንብ ነው!» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። ሚያዝያ ላይ ያ መንግሥት ሲወድቅ ደግሞ «ብያችሁ አልነበረም?» አሉ። ያሉት ግን «አይወድቅም» ነበር።

በዚያው የደስታ ሰሞን ብረቱ ደመቀን መታው። ጋሽ ዓለምነህ «እዚህ ላይ!» ካሉ በኋላ ዕቃው ተስተካክሎ፣ ለማስነሳት ሲያዞር እሳቱ ቀደመና ብረቱ ተመልሶ ክንዱን ነረተው። እንደ እንጎቻ አበጠ።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው!» አሉ ጋሽ ዓለምነህ። ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

በሚቀጥለው ጁምዓ ደመቀ ምክንያቱን አየ። ሞተሩ ገና አልበረደም። ጋሽ ዓለምነህ አውራ ጣታቸውን ከትኩሱ ብረት ላይ አድርገው ስለ ሁመራ ያወራሉ። ቆዳው ነጭ ሆኖ ውሃ ሲቋጥር፣ እሳቸው ወሬያቸውን አላቋረጡም። ስኳር እንዳለባቸው ደመቀ ያውቅ ነበር። ጣታቸውን እንዳደነዘዘው፣ «እዚህ ላይ!» የሚሉትም በግምት እንደሆነ ግን ያኔ ነው የገባው።

ደመቀ ይህን ላለመናገር ወሰነ። ሀጅ ኦመር ካወቁ ሌላ ባለጣት ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ እኚህ ሰው ሸሚዝ አስተኩሰው የት ይሄዳሉ? የቤታቸው እንጀራ በእትዬ ሙላቷ የሰው ቤት ሥራ ነው የሚገኘው። በዚህ ሰፊ ከተማ ውስጥ መምጣታቸው የሚጠበቀው ከዚህ ትራክተር ፊት ብቻ ነው።

ደግነቱ ግፊቱ በብረቱም በኩል ይሰማል። አየሩ ሲጠቀጠቅ ብረቱ መዳፍ ውስጥ ይጠነክራል። ስለዚህ ደመቀ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ጮክ ብሎ ማቃሰት ጀመረ።

«እህህ!»

«እዚህ ላይ! ቁም!» ይላሉ ጋሽ ዓለምነህ ወዲያው። ሞተሩም አንድ ጊዜ ዞሮ ይነሳል። «አየህ? ጣት ማለት ይህ ነው። አንተ ግን ምን ያቃስትሃል? በዚህ ዕድሜህ?»

«ከብዶኝ ነው፣ ጋሼ።»

የሊቢያው ደላላ ደውሎ መኪና ተገኝቷል ሲለው፣ ደመቀ «ባሚያው ይለቀምና» አለው። ባሚያው ሰበብ ብቻ ነበር።

በረመዳን ማብቂያ፣ በጦር ሠራዊቱ መምሪያ ፊት «ሥልጣኑ ለሕዝብ!» ብለው በተቀመጡት ወጣቶች ላይ ተኩስ ተከፈተ። ድልድዩ ተዘጋ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ መድኃኒት ቤቱ ተዘጋ። ትራክተሩም በዚያው ሳምንት ተኛ፤ ደመቀ ግን ብቻውን ቢያስነሳው ሰውዬው እንደማያስፈልጉ ይታወቃልና ጠበቃቸው። ጁምዓ መጣ፤ ጋሽ ዓለምነህ አልመጡም። ሌላ ጁምዓ መጣ። ስልካቸው አይነሳም። ሀጅ ኦመር የተጠቀለለውን የባሚያ ቅጠል አይተው «ኸላስ፣ በቃ፣ ያ ደመቀ! ለብረት ነጋዴ እሸጠዋለሁ» አሉ።

ደመቀ ወደ ቡሪ ሊሄድ ሲነሳ እትዬ ሙላቷ ራሳቸው ጥቁር ለብሰው በእርሻው በር ገቡ። መጠየቅ አላስፈለገውም። መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የስኳሩ መድኃኒት አለቀ፣» አሉ እትዬ ሙላቷ ከትራክተሩ ጥግ የዘይት ጣሳ ላይ ተቀምጠው። «አንድ ባለመኪና ተገኘና ልንወስደው ስንል መንገዱን የዘጋው ያ ግንቡ ነው። ልጆቹ ሊያፈርሱት ታገሉ፣ ድንጋዩ አልላቀቅ አለ። እሱ ነዋ ያሠራቸው! ከነአልጋው በትከሻቸው አሻገሩት። ላያቸው ላይ ሆኖ 'እኔን ብትሰሙኝ በእግሬ በኩል ዝቅ አድርጉ' ይላቸዋል። እዚያው ሆስፒታል ሳይመሽ አረፈ።»

ሀጅ ኦመር «ኢና ሊላሂ» ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ደመቀ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ሲወጣለት፣ ሆዱ ውስጥ የቆየውን ነገር ለመናገር ደፈረ።

«እትዬ፣ አውራ ጣታቸው እኮ ...»

«ሞቶ ነበር። አውቃለሁ።»

«እኔ እንዳወቅሁ ግን አልነገርኳቸውም። እንዳያፍሩ ብዬ።»

እትዬ ሙላቷ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። «ማቃሰት በጀመርክ ዕለት ነው የነገረኝ! ከበር ሳይገባ፣ 'ሙላቷ፣ ልጁ ግፊቱን በእጁ መለየት ቻለ፣ ቦታው ሲደርስ ያቃስትልኛል፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት' አለኝ። 'ማቃሰቱንስ?' አልኩት። 'ማቃሰቱንም' አለኝ።»

ደመቀም ሳቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊከራከራቸው ፈለገ፣ እሳቸው ግን የሉም።

ተነሥቶ ከትራክተሩ ፊት ቆመ። ካንዴላውን የሚፈታበት፣ ቀዳዳውን የሚያስደፍንበት ምክንያት አልነበረም፤ መዳፉ ይበቃዋል። ቀስ እያለ አዞረ። ብረቱ ሲጠነክር ከልማዱ «እህህ!» አለ። ብሎም ጠበቀ። ለምን እንደቆመ ለራሱም አልገባውም። የገባቸው እትዬ ሙላቷ ነበሩ።

«እዚህ ላይ!» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ቁም!»

የሲጋራ ወረቀቱ ሳይቀደድ ሾልኮ ወጣ። ብሎኑን አጠበቀና ለማስነሳት ብረቱን ያዘ። አውራ ጣቱን እንደ ወትሮው ሊጠመጥም ሲል ተወው፤ ከጣቶቹ ጋር አሰለፈው። አንድ ጊዜ አዞረ። ሞተሩ ተነሳ።

ውሃው እየተንቦጫረቀ ወደ ባሚያው ወረደ። ደመቀ ዞር ብሎ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚቆምበትን ቦታ አየ። «አየህ? እኔን ብትሰማኝ!» የሚለው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ራሱ አለው፤ ሞተሩ ስለሚጮህ ማንም አልሰማውም።