የጋሽ ፓንክራስ ድንጋይ

ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ይዋሻል። ጀማሪው ስለ ዓሣው ትልቅነት ይዋሻል፤ የበሰለው ግን ስለ ቦታው። ታንኳ ያለበት መንደር ሁሉ፣ "ዛሬ የት ውለህ ነው?" ሲባል ጣቱን ወዳልሆነ አቅጣጫ የሚቀስር አንድ ሰው አያጣም። የእኛዋ መንደር ፑዱክራ ደግሞ በሕንድ የኬረላ ባሕር ዳርቻ ተወዳዳሪ የሌለውን የዚህ ሙያ ሊቅ አፍርታለች፤ ክቡርነታቸውን ጋሽ ፓንክራስን።

እኛ ዘንድ ከውሃ በታች ያለ ድንጋይ የሚፈለገው በየብስ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ የደወል ማማ ከኮረብታው ትከሻ ጋር ሲገጥም፣ በሌላ በኩል ደግሞ አንድ የታወቀ የኮኮናት ዛፍ ከመስጊዱ ሚናራ ጋር ሲሰለፍ፣ ከሥርህ ድንጋይ አለ ማለት ነው። ድንጋይ ካለ ዓሣ አለ። ይህን ምልክት አባት ለልጁ፣ ወንድ ልጅ ከሌለው ለአማቹ፣ በጆሮው ሹክ ይለዋል። ጋሽ ፓንክራስ ድንጋያቸውን ከአማታቸው የተቀበሉት በሠርጋቸው ማግስት ነው። መንደሩ "ሴሊንን ነው ያገባት ወይስ ድንጋዩን?" እያለ ሲቦጭቃቸው ኖሯል። እሳቸው "ሁለቱም አይነቃነቁም" ይላሉ።

ተከትሎ ያገኛቸው የለም። ጎረቤት በታንኳ ከተከተላቸው ባዶ አሸዋ ላይ መልህቅ ጥለው፣ መንጠቆው ላይ ምግብ እንኳ ሳያደርጉ፣ እያዜሙ ይውላሉ። ተከታዩ ተሰላችቶ ሲሄድ እሳቸው ወደ ጉዳያቸው። የዓሣው ዓይነት ቦታውን እንዳያሳብቅባቸው ደግሞ ቅርጫታቸውን ከላይ ሰርዲን ያለብሱታል። አንድ ጊዜ በጠና ታመው ቄሱ ሊያናዝዟቸው መጡ። "ፓንክራስ፣ እንግዲህ ለእግዚአብሔር ብለህ እውነቱን ተናገር" ቢሏቸው፣ "አባ፣ እሱማ ያውቀዋል። እርስዎ ግን አጥማጅ ወንድም አለዎት" አሉና ዳኑ።

እኔ ሻይ ቤት ነው ያለኝ። ባሕር ላይ ከወጣሁ ያስመልሰኛል፤ ያ ድንጋይ ምን ያደርግልኛል? ግን ጉጉት አይጣል ነው! ሻይ በነፃ ብጋብዛቸው በየብርጭቆው የተለየ ቦታ ነገሩኝ።

እንዲህ ስንስቅ መረብ ጎታች መርከቦች መጡብን። የሞተራቸው ጉልበት ለጉድ ነው። በብረት ሰንሰለት የከበደው መረባቸው የባሕሩን ወለል እየፋቀ ያልፋል፤ ዓሣውንም የዓሣውንም ቤት ይዞ ይሄዳል። ያ ሁሉ ሰፊ ባሕር እያለላቸው እኛ ደጃፍ ድረስ ይገባሉ። ታንኳዎቻችን ባዷቸውን መመለስ ጀመሩ። ሰው ልጁን ወደ ከተማ ለቀን ሥራ መላክ ጀመረ።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሻሂና የምትባል ባለሙያ መጥታ አዳራሽ ሰበሰበችን። "ጉልበታቸው ከልክ ያለፈ መርከቦች እዚህ ዳርቻ እንዳይደርሱ ሕግ ሊወጣ ነው" አለች። "ባለ መርከቦቹ ግን 'ሥሩ አሸዋ ብቻ ነው፣ ምኑ ይጎዳል?' እያሉ ነው። እስቲ አንድ ድንጋይ አሳዩኝና ካሜራ አውርጄ ልቅረጸው።"

ሁሉም የየራሱ ድንጋይ አለው፤ ሁሉም ደግሞ አጠገቡ ጎረቤቱ ተቀምጧል። እግር እግራችንን እናያለን።

ጋሽ ፓንክራስ ሽርጣቸውን አጥብቀው ተነሡ። "የደወሉ ማማ ከኮረብታው ግራ ትከሻ ጋር ሲገጥም" ብለው ጀመሩና እስከ መጨረሻው ዘረገፉት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ!

"ኧረ ጋሼ!" አለ ጎረቤታቸው ላዛር እንባውን እየጠረገ። "እዚያ እንኳን ዓሣ እንቁራሪትም አያድር!"

"በማርያም! እውነቴን ነው!"

"ባለፈውም በማርያም ብለው አይደል እንዴ አሸዋ ላይ ያዋሉኝ?"

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲዋሹ ያመናቸው ሰው ዛሬ እውነት ሲናገሩ ከዳቸው። ሻሂና እንኳ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይኼኔ እትዬ ሴሊን ከኋላ ብድግ አሉ። "ዝም በሉ! የአባቴ ድንጋይ ነው። ልጆቼን ያሳደገልኝ ነው። ካላመናችሁ ሄዳችሁ እዩ!"

በነጋታው መንደሩ በሙሉ ታንኳ ላይ ወጣ። እኔም ሻይ ቤቴን ዘግቼ፣ ባልዲ ታቅፌ። ካሜራው ወረደ፤ በትንሿ የምስል መስኮት አሸዋ፣ አሸዋ፣ አሸዋ። ላዛር ሊስቅ አፉን ሲከፍት ድንጋዩ መጣ። ቀያይ ቅርንጫፎች እንደ ማራገቢያ ይወዛወዛሉ፤ ዓሣው ከጉድጓድ ጉድጓድ ይሽሎከሎካል።

"ይቺ ናት?" አሉ ጋሽ ፓንክራስ በለሆሳስ። ለካ በምልክትና በገመድ እንጂ በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም! እንደ ሙሽራ አፍጥጠው ቀሩ።

ካሜራው ሲዞር ሌላው ጎኗ የለም። ተሰባብሮ ነጭ ፍርስራሽ ሆኗል፤ በላዩ የሰንሰለቱ ትልም እንደ ታረሰ መሬት ተጋድሟል። ጋሽ ፓንክራስ የራስ ጨርቃቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። "ለአማቴ ምን ልበላቸው?" ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ላዛር ከታንኳው ተንጠራርቶ ትከሻቸውን ያዘ። "ግማሹ አለ እኮ፣ ጋሼ። አይዞዎት፣ ግማሹ አለ።" ከሰዓት በኋላ ሻሂናን ይዞ ወደ ራሱ ድንጋይ ሄደ። ከዚያ ሌላውም፣ ሌላውም።

ሕጉ ወጣ። ወሰኑ ከድንጋዮቻችን በጣም ርቆ ተሰመረ፤ የማንም ድንጋይ ለብቻው ካርታ ላይ በነጥብ አልተጠቆመም። የጋሽ ፓንክራስን ምልክት ዛሬ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ማንም መንጠቆ አይጥልበትም፤ ማን እንደከለከለ እንጃ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ከመርከቦቹ ወደብ መጥቶ ሻይ አዘዘ። "ያ የተወራለት የሽማግሌው ድንጋይ በየት በኩል ነው?" አለ፣ እንደ ዋዛ። ላዛር ወደ ደቡብ ቀሰረ። አጠገቡ ያለው ወደ ሰሜን። ሰውየው ተደናግሮ ወደ እኔ ዞረ።

"ባለ ሻይ ቤት ምን ያዋሸዋል፣ ወንድሜ?" አልኩና ጣቴን ወደ ወንዙ አፍ ቀሰርኩ፤ ጭቃ እንጂ ጠጠር ወደሌለበት። አመስግኖኝ ሄደ።

ጥግ ላይ ሻያቸውን ይጠጡ የነበሩት ጋሽ ፓንክራስ ጣቴን ረጋ ብለው መረመሩት።

"ክፉ አይደለህም" አሉኝ። "ግን ቸኮልክ። እውነተኛ ሰው ከመናገሩ በፊት ትንሽ ያመነታል።"